ወላጅን በገበያ ቀን ጥሩት

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፦

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ፣ ወላጅ በመምህር፣ መምህር በወላጅ፣ ሁለቱም በተማሪው አሳበቡ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ 8.4 በመቶ ደረሰ፤ መካሰሱ ግን አልበረደም። «ኃላፊነቱ የሁላችንም ነው» የሚለውን በየስብሰባው ሰምተን ጠግበናል። ከማን ምን እንደሚጠበቅ የሚነግረን ነው ያጣነው።

በእነዋሪ፣ በደነባ ወይም በመሐል ሜዳ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች የሚመጣውን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ተመልከቱ። ከጓደኞቹ ጋር ከተማ ቤት ይከራያል። ዓርብ ማታ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቀዬው ይሄዳል፤ እሑድ በሶውንና ሽሮውን ተሸክሞ ይመለሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን አጨዳውና ውቂያው ይዞት ሰኞም ማክሰኞም አይታይም። ስም ጠሪው መምህር «ቀሪ» ብሎ መዝግቦ ያልፋል። አባት ልጁ ምን ያህል ትምህርት እንዳመለጠው አያውቅም። አከራይዋ የምትጠይቀው ኪራይዋን ነው፤ አይፈረድባትም።

ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ወይ መዋጮ ሲፈለግ ወይ ልጁ ሲያጠፋ ነው። ጥሪ ሲደርሰን መጀመሪያ የምንዳስሰው ኪሳችንን ነው። ሰኔ ላይ ካርድ ስንቀበል ደግሞ ምን ሊደረግ!

ስለዚህ የወላጅ ስብሰባ በጥቅምት፣ አጨዳ ሳይገባ፣ በገበያ ቀን ይሁን። ገበሬው እህሉን ሊሸጥ ለማንኛውም ከተማ ይመጣል። ስም ጠሪው የቀሪ መዝገቡንና የታረመውን የፈተና ወረቀት ይዞ ይጠብቀው። ይህ ጊዜ ግን ከመምህሩ ሥራ ይቆጠርለት፤ ኑሮው ምን እንደሚመስል እናውቃለንና በነጻ አይጠየቅ። ደብተሩን እየገለጠ የሚያስረዳው ተማሪው ራሱ ይሁን። ፊደል ያልቆጠረ አባት እንኳ ባዶ ገጽና ቀይ እስክሪብቶ አይጠፋውም። ወላጁም ልጁን ከቅዳሜና እሑድ ውጭ ለአጨዳ እንዳያስቀር፣ የሰው ኃይል ካነሰው ወንፈል እንዲጠይቅ እዚያው ፊት ለፊት ይስማማ።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱም ከመዋጮው ሂሳብ አስቀድሞ በየወሩ የቀሪዎችን ዝርዝር ይመልከት። የመጽሐፍ እጥረቱን ግን እኛ ላይ አትደልድሉት፤ እሱ የእናንተ ድርሻ ነው።

ጸጥታው ከፈቀደ በመጪው ጥቅምት በአንድ ወረዳ ሞክሩት። የእኛን ወረዳ ብትመርጡ ወላጆችን በየቀበሌው የምንቀሰቅስ ሰዎች አለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሞረትና ጅሩ ወላጅ