የጌም ሠሪዎች ክበብ ዓመት፦ «ኮፍያው ምን ይሠራል?»

ዓመቱ የጀመረው በአንድ ኮፍያ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባችን አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ያሰበችውን ጌም በወረቀት ላይ ስላ መጣች። የመጀመሪያውን ሌቭል የጨረሰ ተጫዋች ቀይ ኮፍያ ይሸለማል። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ወረቀቱን አየና ወዲያው ጠየቃት።

«ኮፍያው ምን ይሠራል? ፍጥነት ይጨምራል?»

«አይጨምርም።»

«ላይፍ ይሰጣል?»

«አይሰጥም።»

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

«ያምራላ!»

ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ዝም ብሎ ለታይታ ነው» አለ። ግማሹ ደግሞ ከኮፍያው ጎን ቆመ። እኔ ለዓመቱ ያዘጋጀሁት ዕቅድ ስለ ፕሮግራሚንግ ብቻ ነበር። ክርክሩ ሲጦፍ ግን ዕቅዱን አጥፌ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ምንም ጉልበት የማይጨምር ሽልማት ለምን ይህን ያህል ያጓጓል? ዓመቱን ሙሉ ስንመላለስ የከረምነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

ስለ ክበቡ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስንጀምር 23 ነበርን፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት 17 ናቸው። የምንገናኘው ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ነው። ኮምፒውተሮቹ 6 ስለሆኑ አንዱን ለሦስት እንጋራለን። የምንሠራው ስክራች በሚባል፣ ብሎኮችን እየገጣጠሙ ፕሮግራም በሚሠሩበት መሣሪያ ነው። በስክራች የአንድ ገጸ ባህሪ መልክ «ኮስቲዩም»፣ ማለትም ልብስ፣ ይባላል። ስለዚህ የልብስ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስክሪናችን ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ለየቡድኑ አንድ የቤት ሥራ ሰጠሁ። «ምንም የማይሠራ ሽልማት ፈልጋችሁ አምጡ» አልኳቸው። ያመጡት ነገር ካሰብኩት በላይ ነው።

እኔ በጣም የወደድኩት በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆነውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ አታሪ 2600 ለተባለው፣ ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገናኝ የጌም ማሽን «ፒትፎል» የሚባል ጌም አወጣ። 20,000 ነጥብ የደረሰ ሰው የቴሌቪዥኑን ስክሪን በካሜራ ፎቶ ያነሳል። ፎቶውን በፖስታ ለኩባንያው ይልካል። ኩባንያው ደግሞ ልብስ ላይ የሚሰፋ የጨርቅ አርማ ይልክለታል። አለቀ። አርማው ጌሙ ውስጥ አይገባም። ቀጣዩን ጉድጓድ ለመዝለል አይረዳም። ልጆቹ ግን አርማውን ትተው ፎቶው ላይ ተንጠለጠሉ። «ስክሪንሾት አልነበረም እንዴ?» አሉኝ። ፊልሙ ታጥቦ፣ ፎቶው ታትሞ፣ በፖስታ ሄዶ፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ የሚጠበቀውን ጊዜ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። አንዱ ቀስ ብሎ፣ «ቲቸር፣ እኔ እንደዚያ ዓይነት አርማ ቢኖረኝ ጃኬቴን አላወልቅም ነበር» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 የተባለ የጌም ማሽን አቺቭመንት የሚባለውን፣ አንድ ነገር ላሳካ ተጫዋች የሚሰጠውን ምልክት፣ በሁሉም ጌሞቹ ላይ አንድ ወጥ አደረገው። በ2008 ፕሌይስቴሽን 3 ዋንጫዎቹን ይዞ ተከተለ። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ሌሎቹን ሁሉ ለለቀመ ደግሞ ፕላቲነም።

አንዱ ቡድን በ2007 የወጣውን «ሃፍ ላይፍ 2፦ ኤፒሶድ ቱ»ን አመጣ። እዚያ ጌም ውስጥ መጀመሪያው አካባቢ አንዲት ጺማም የጓሮ ሐውልት ትገኛለች። ምንም አትሠራም። ግን እሷን ተሸክሞ እስከ ጌሙ መጨረሻ አካባቢ ድረስ ወስዶ ሮኬት ውስጥ ያስቀመጠ ሰው አንድ አቺቭመንት ያገኛል። ለመተኮስ ስትፈልግ ሐውልቷን ማስቀመጥ አለብህ። መኪና ስትነዳ እየወደቀች ታስቸግርሃለች። ጌሙን የሚያውቀው ልጃችን ይህን ሲተርክ ስንት ጊዜ ወርዶ እንደፈለጋት፣ የት ጥሏት እንደሄደ ሁሉ ያስታውሳል። የገደላቸውን ጠላቶች ግን አንዱንም አላነሳቸውም። ይህን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ሁለት ሳምንት ያጨቃጨቀን ግን በ2017 የወጣው «ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ነው። በዚያ ሰፊ ዓለም ውስጥ 900 ትንንሽ ዘሮች ተደብቀዋል። የዕቃ መያዣህን እስከ መጨረሻው ለማስፋት 441 ይበቁሃል። የቀሩት 459 ምንም አይጨምሩልህም። 900ውን ሁሉ የለቀመ ሰው ምን ይሰጠዋል? የሰገራ ቅርጽ ያላት የወርቅ ነገር፤ ከዚያ ሄስቱ የሚባለው ገጸ ባህሪ በፈለገው ጊዜ ይጨፍርለታል። በቃ።

«ይህማ ንቀት ነው» አሉ አብዛኞቹ። «ሰውዬው ስንት ሰዓት ለፍቶ!» ያቺ የኮፍያዋ ልጅ ግን አልተስማማችም። «ዘሮቹ የበዙት ሁሉንም እንድትለቅም አይደለም» አለች። «የትም ብትሄድ የሆነ ነገር እንድታገኝ ነው። ለሚዞር ሰው ነው የተሠራው እንጂ ለሚቆጥር ሰው አይደለም።» እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። ሽልማቱ ትልቅ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ሰው ቆጣሪ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ስህተት መናገር አለብኝ። ኅዳር ላይ ነገሩ በጣም ስቦኝ ለክበቡ 14 ዓይነት ባጅ ሠራሁ። በሰዓቱ ለመጣ፣ ኮዱን ለጨረሰ፣ ጓደኛውን ለረዳ። ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያው ሳምንት አሪፍ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ክፍሉ ተቀየረ። ልጆቹ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። አንድ ልጅ አለ፤ ማንም ሳያዘው የዋሻ ግድግዳ፣ ድንጋይ በድንጋይ፣ እየሳለ የሚያመሽ። እሱ አንድ ቀን ብዕሩን አስቀምጦ «ቲቸር፣ ለዚህ ባጅ አለው?» አለኝ። የለውም አልኩት። መሳሉን ተወ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሥልጠና ላይ የተማርኩትና የረሳሁት አንድ ጥናት ትዝ አለኝ። ሌፐር፣ ግሪን እና ኒስቤት በ1973 ያሳተሙት ነው። መሳል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ ከሳሉ የወርቅ ማኅተምና ሪባን ያለው የምስክር ወረቀት እንደሚያገኙ ቀድሞ ተነገራቸው። ሁለተኛዎቹ ሳይጠብቁት ተሰጣቸው። ሦስተኛዎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከቀናት በኋላ ልጆቹ እንደፈለጉ በሚጫወቱበት ሰዓት እስክሪብቶዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሽልማቱን ሲጠብቁ የነበሩት ሲስሉ ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን መሳል አልቀነሱም።

በነጋታው ዝርዝሩን ከግድግዳው አነሳሁትና ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅሁ። ጥናቱንም ነገርኳቸው። ከዚያ አዲስ ልማድ ያወጡት እነሱ ናቸው። በየወሩ መጨረሻ እያንዳንዱ አባል ለአንድ ሌላ አባል ባጅ ይሠራል። ስለምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማንም አያውቅም። አራት ሳምንት ሙሉ የሌሎችን ጌም ድምፅ ሲያስተካክል ለከረመው ልጅ የጆሮ ሥዕል ያለበት ባጅ ተሰጠው። የዋሻው ሠዓሊም በጥር ብዕሩን አነሳ። እሱ ያገኘው ባጅ ላይ ያለው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ስለሚሸጡ ስኪኖች፣ ማለትም መልክን ብቻ ስለሚቀይሩ ጌጦች፣ ተነጋገርን። በ2006 «ኦብሊቪየን» ለተባለው ጌም የፈረስ ጥሩር በ2.50 ዶላር ሲሸጥ ብዙ ተጫዋች ተቆጥቶ ነበር። ዛሬ «ፎርትናይት»ን የመሰሉ ጌሞች በነፃ እየተሰጡ ገቢያቸውን የሚያገኙት በዋናነት ከልብስና ከጭፈራ ነው። ልጆቹ በዚህ ብዙም አልተጣሉም። ኃይል ከሚሸጥ መልክ ቢሸጥ ይሻላል፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ማሸነፍ የለበትም። እኔም እስማማለሁ። በውስጡ ያለውን ሳታውቅ የምትገዛው ሣጥን ግን ሌላ ነገር ነው። ቤልጂየም በ2018 እንዲህ ዓይነቱን ቁማር ነው ያለችው በቂ ምክንያት ስላላት ነው።

ከዚያ ቀን የማስታውሰው ግን ሕጉን አይደለም። ብዙ የማያወራ አንድ የ8ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ስኪን ካልገዛህ ዲፎልት ይሉሃል» አለ። «እኔን ይሉኛል።» ዲፎልት ማለት ጌሙ መጀመሪያ የሚሰጠውን መልክ ይዞ የቀረ ማለት ነው። ምንም አይሠራም ያልነው ጌጥ ሰው ያሳፍራል ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። ያን ዕለት ኮድ አልሠራንም።

የራሳችንን ጌም ስንጀምር ያ ልጅ የተናገረው አብሮን ነበር። ጌሙ «ፋኖስ» ይባላል። ተጫዋቹ ፋኖስ ይዞ አምስት ዋሻዎችን ያቋርጣል። ልጆቹ አንድ ደንብ አወጡ፤ ታሪክ የሌለው ጌጥ አይገባም። ጌጡን የለበሰውን ተጫዋች ያየ ሁሉ «ይሄ ሰው እዚህ ጋ ይህን አድርጓል» ማለት መቻል አለበት። የመጀመሪያ መልኩን ይዞ የሚጫወትም እንዳያፍር የዋናውን ገጸ ባህሪ ልብስ ከሁሉም በላይ አሳምረው ሳሉት። ደንቡን ያለፉት ስድስት ጌጦች ናቸው። ጌሙን ጨርሶ ወደ መጀመሪያው ዋሻ ተመልሶ የተደበቀውን በር ላገኘ ሰው የፋኖሱ ብርሃን ሰማያዊ ይሆናል። ቀዩን ኮፍያ ደግሞ ልጅቷ ራሷ ቀየረችው። የመጀመሪያውን ሌቭል ሁሉም ሰው ስለሚጨርስ ኮፍያው ስለማንም ምንም አይናገርም አለች። እንደገና ሳለችው። አሁን የተቀደደ፣ ቀዳዳ የበዛበት ኮፍያ ነው። የሚሰጠው ከድልድዩ 50 ጊዜ ወድቆ በ51ኛው ለተሻገረ ሰው ነው።

በዓመቱ መጨረሻ ኤግዚቢሽን ላይ ረጅሙ ሰልፍ የነበረው እኛ ጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ችግር ተፈጠረ። ስክራች ላይ አንድ ቫሪያብል፣ ማለትም ቁጥር የሚያዝበት ቦታ፣ ጌሙ ሲጀመር ዜሮ ካላደረግኸው የቀድሞውን ቁጥር ይዞ ይቆያል። እኛ የውድቀት ቆጣሪውን ዜሮ ማድረግ ረስተን ኖሮ የአንዱ ተጫዋች ውድቀት ለሚቀጥለው ይደመርለታል። አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ ሦስት ጊዜ ብቻ ወድቆ ተሻገረና የተቀደደው ኮፍያ ጭንቅላቱ ላይ ወረደለት። ከኋላ የቆሙት አጨበጨቡ። እሱ ግን ወደ እኛ ዞረ። «ይሄ የእኔ አይደለም» አለ። «ሦስቴ ነው የወደቅኩት። እንዴት ነው የሚወልቀው?»

የኮፍያዋ ልጅ ኪቦርዱን ተቀብላ ፈለገች። ማውለቂያ አልሠራንም ነበር። ጌሙን አቁማ ቆጣሪውን ዜሮ አደረገችና ቦታውን መለሰችለት። የሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ሥራችን የማውለቂያ በተን ነው። ልጁም ለክበቡ ተመዝግቧል።