የቀለም ባልዲ ክዳን የያዘችው ልጅና ሌሎች አምስት፦ ለሀዋሳ ልጆች የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ናችሁ የሀዋሳ ልጆች፣ እዚም ያላችሁ ባህር ማዶም ያላችሁ። ብር ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ግን መጀመሪያ ያየሁትን ልንገራችሁና ከዛ እናንተው ፍረዱ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሀዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የአሳ ሾርባዬን እየጠጣሁ አንዲት ልጅ ከባለ ጀልባ ጋር ስትከራከር ሰማሁ። የቀለም ባልዲ ክዳን ይዛለች። ክዳኑ እንደ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ ተከፍሎ ሁለቱ ጥቁር ሁለቱ ነጭ ተቀብቷል፣ መሃሉ ተበስቶ ገመድ ገብቶበታል፣ እንዲሰምጥ ከስሩ ድንጋይ ታስሯል፣ ገመዱ ደሞ በየሃያ ሳንቲሜትሩ ቋጠሮ አለው። ባለ ጀልባው "በዚ ነው ቆሮሶ ምታጠምጂው?" እያለ ይስቃል፣ እኔም ስቄያለሁ ለምን ይዋሻል። እሷ ግን አልሳቀችም፣ "ግማሹን ብር ነው የያዝኩት፣ ሩቅ አንሄድም" ነው ምትለው። መጨረሻ ላይ ግማሹን እኔ ልሙላ ብዬ አብሬያት ጀልባ ውስጥ ገባሁ። ደግነት እንዳይመስላችሁ፣ ክዳኑ ምን እንደሚሰራ ላይ ጓጉቼ ነው።

ራቅ እንዳልን ክዳኑን ለቀቀችው። ቋጠሮውን በጣቷ እየቆጠረች ታወርዳለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሶስት፣ አራተኛው ላይ ነጩ ቀለም አረንጓዴ መሰለ፣ አምስተኛው ሳይደርስ ጭራሽ ጠፋ። አንድ ሜትር ሳይሞላ ማለት ነው፣ ይሄ ጥልቁ ቦታ ላይ 22 ሜትር አካባቢ የሚወርድ ሐይቅ። ደብተሯ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ደመናውን ሳይቀር ጻፈች። መሳሪያው ሴኪ ዲስክ ይባላል አለችኝ፣ ውሃ ምን ያህል እንደጠራ የሚለካበት፣ ሴኪ የሚባል ጣልያናዊ ቄስ በ1865 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። የፋብሪካው ውድ ስለሆነ የሷን ክዳን ከጎረቤቷ ቀለም ቀቢ ለምና ነው የሰራችው።

ታዲያ ለምንድነው ውሃው እንዲህ የሆነው አልኳት። ዝናቡ ከኮረብታው አፈር ጠርጎ ያመጣል፣ ከእርሻው ማዳበሪያ ይመጣል፣ ከከተማው የሳሙና ውሃና ፍሳሽ ይመጣል፣ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ደሞ ይሄን እየበላ ይፋፋል። ሐይቁ ክረምት ከበጋ የሚገባበት ወንዝ አንድ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፣ የሚወጣበት ወንዝ ግን የለውም። "እሳት ላይ እንደተረሳ ወጥ በለው" አለችኝ፣ "ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ ጨውና ቅመሙ ግን የትም አይሄድም።" ደለሉን በፊት ላይ ይይዝ የነበረው ጨለለቃ ራሱ ድሮ ሐይቅ ነበር፣ አሁን ረግረግና የከብት ማሰማሪያ ሆኗል። እምቦጭም ሚወደው እንዲህ አይነቱን ውሃ ነው፣ የጣና ሰዎችን መጠየቅ ነው። እኔ እዚ ተወልጄ ጥሬ አሳ በዳጣ እየበላሁ ያደግኩ ሰውዬ ሐይቁ መውጫ እንደሌለው ከልቤ የገባኝ በዛን ቀን ነው፣ ትንሽ አፈርኩ።

ልጅቷ ያኔ ሁለተኛ ዓመት ነበረች፣ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ። እናቷ አሳ እየበለተች ነው ያሳደገቻት። ስሟን አልጽፍም፣ ፎቶዋንም አልለጥፍም፣ የተቸገረ ልጅ ፎቶ ለጥፎ ብር መሰብሰብ እኔ አልወድም፣ የሚያደርጉት ይቅር ይበሉኝ። ትምህርቷን ለማቋረጥ ዊዝድሮው ልትሞላ እያሰበች እንደነበር የነገረኝ ያ ሲስቅባት የነበረው ባለ ጀልባ ነው፣ እሷማ ትንፍሽ አላለችም።

እዚጋ ሁሌ የሚመጣ ጥያቄ አለ፣ "የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ነፃ አይደል እንዴ፣ ምን ስኮላርሺፕ ያስፈልጋል?" የሚል። ትምህርቱማ በወጪ መጋራት ነው፣ ተመርቀው ስራ ሲይዙ ይከፍሉታል፣ ዶርምና ካፌም አለ። ግን ሳሙና ካፌ ውስጥ አይሰጥም፣ ሞዴስ አይሰጥም፣ ሃንድአውት ፎቶ ኮፒ በነፃ አይደለም፣ አሳይመንቱ በኮምፒውተር ተጽፎ ነው ሚገባው፣ ሌላው ተማሪ ላፕቶፕ ከፍቶ ሲሰራ እሷ ጓደኞቿ እስኪተኙ ጠብቃ ሌሊት ትዋሳለች። በዚ ትምህርት ላይ ደሞ ፊልድ አለ፣ የውሃና የአፈር ናሙና አለ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የላብ ወጪ አለ። ቤት ያለችው እናት ደሞ ብር ልትልክ ቀርቶ ከልጇ ነው ምትጠብቀው። በቃ ልጆቹ ሚያቋርጡት እንዲህ ባለው ፍርፋሪ ወጪ ነው፣ ይሄ ነው ሚያናድደኝ፣ ትልቅ ነገር ቢሆን ኖሮ አንቆጭም ነበር።

እነዚህ ልጆች እኮ ያቺን ወንፊት አልፈው የመጡ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተነው ሁሉ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ከመቶ ነበር፣ በ2016 5.4 ከመቶ። አልፈው ሲገቡ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ ዲፓርትመንት ምርጫ። ሰው ሁሉ ሜዲስንና ሶፍትዌር ይሞላል፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ደን፣ የተፈጥሮ ሀብት ሲባል "ያልተሳካለት ሚገባበት" ይመስለዋል። እኔ ራሴ ከዛው ነኝ። ተፈጥሮ ሀብት ደርሶኝ እናቴ "አፈር ለመማር ነው ዩኒቨርሲቲ ምትሄደው? አፈሩ እዚ ጓሮ አለልህ" ብላ ሶስት ቀን አኮረፈችኝ፣ እኔም ለምኜ ወደ አካውንቲንግ ተቀየርኩ። አልተጎዳሁም፣ እንጀራዬን እበላለሁ፣ ግን በገዛ ፈቃዱ አንደኛ ምርጫው አድርጎ ሚሞላ ልጅ ሳይ ሆዴ ይንሰፈሰፋል።

ስራስ ያገኛሉ ወይ ለምትሉ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 299። አንድ ትልቅ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት አፈሩንና ውሃውን ምን ያደርገዋል ተብሎ መጠናት አለበት ይላል። ይሄን ማን ያጠናዋል? እኔ አካውንታንቱ? የኢንዱስትሪ ፓርካችን ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት ተደርጎ ነው የተሰራው፣ ያንን ማሽን የሚረዳና ውጤቱን አንብቦ ሚጠይቅ የሀዋሳ ልጅ ያስፈልጋል። የወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፣ ደን ማስተማር ከጀመረ አርባ ምናምን ዓመት አልፎታል። ነፍሳቸውን ይማርና ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርም ከእጽዋት ትምህርት ተነስተው ነው የዓለም ጉባኤ ላይ አፍሪካን ወክለው ዘረመላቸው ስለተቀየረ ምርቶች የተሟገቱት፣ በ2000 እ.ኤ.አ. አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ያገኙት። ሁሉም ተወልደ ይሆናል እያልኩ አይደለም፣ ግማሾቹ ወረዳ ጽህፈት ቤት ይገባሉ፣ እሱም ይበቃናል።

ወደ ብሩ ልምጣ። እኛ አስራ አንድ እቁብተኞች ነን። ከዛ ቅዳሜ በኋላ ነገሩን እቁብ ላይ ሳወራ አንዱ እጣ የወጣለት "ለዚች ልጅ ከኔ ቁረጡላት" አለ፣ ቀስ በቀስ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ጨምረን አስራ ሁለተኛ እጣ አበጀን፣ የዛ እጣ ባለቤት ተማሪ ነው። አምና ሁለት ልጆች ያዝንበት። ዘንድሮ ስድስት አመለከቱ፣ አራቱ ኢንቫይሮመንታል ሳይንስ፣ አንዱ ደን፣ አንዷ ተፋሰስ ልማት። እቁባችን ስድስት አይችልም፣ ሶስቱን መርጠን ሶስቱን ደሞ ለከርሞ ማለት አቃተን።

ሂሳቡ ይሄ ነው፣ እኔ አካውንታንት ነኝ አልኳችሁ። ለአንድ ተማሪ በወር 2,000 ብር፣ ለአስር ወር፣ ለስድስቱ 120,000። በጋራ ሚጠቀሙባቸው ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች 70,000። ለፊልድና ለላብ 30,000። ድምር 220,000 ብር። በእጃችን 84,500 አለ፣ የጎደለው 135,500። በወር 150 ብር ለአስር ወር የሚሰጥ 90 ሰው ካገኘን 135,000 ይሞላል፣ የቀረችው 500 እኔ ላይ ትሁን። በአንዴ ትልቅ ብር ከሚሰጠኝ ሰው ይልቅ ትንሽ ብር በየወሩ የማያቋርጥ ሰው ነው ምመርጠው፣ ግን በአንዴ ለሚሰጥም እምቢ አልልም ደሞ።

የተሳሳትነውንም ልናገር፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሙት። አምና ለአንዱ ልጅ የሴሚስተሩን በሙሉ በአንድ ቀን ሰጠነው፣ አባቱ ታመሙና ልጁ ብሩን እንዳለ ወደ ቤት ላከው፣ እና ሴሚስተሩን ያለ ምንም ነው የጨረሰው፣ ለኛም ሳይነግረን። እሱን ልጁን አልወቅስም፣ እኔም ብሆን እልክ ነበር። ከዛ ወዲህ በየወሩ ነው ምንሰጠው፣ የቤት ችግር ሲያጋጥም ደሞ እንዲነግሩን ነው ምንለምናቸው። ሁለተኛ፣ 3,200 ብር ደረሰኝ የሌለው ወጪ ወጥቶብናል፣ አብዛኛው ባጃጅና ጀልባ ነው፣ ባለ ጀልባ ደረሰኝ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚስቅ ታውቁታላችሁ። ዘንድሮ ለደረሰኝ አልባ ነገር ማስፈረሚያ ደብተር ገዝተናል። አካውንቱ በሶስት ሰው ፊርማ ነው ሚንቀሳቀሰው፣ እኔ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህርና አቶቴ ሱቅ ያላት አንዷ እቁብተኛችን። ተማሪዎቹን የሚመርጡት መምህሩ ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም፣ የአጎቴን ልጅ ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ።

የሂሳብ ቁጥሩን እዚ አልለጥፍም። ጽሁፉን ኮፒ አድርጎ ከስሩ የራሱን ቁጥር የሚያስገባ ጅል አይጠፋም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የንግድ ባንኩንም የቴሌብሩንም እልካለሁ፣ ስትልኩ የሶስታችንንም ስም አይታችሁ አረጋግጡ። በየወሩ መጨረሻ ምን ገባ ምን ወጣ ብዬ እለጥፋለሁ፣ ስማችሁ እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ "አንድ ወገን" ብዬ ነው ምጽፈው። ውጭ ያላችሁ ሰዎች ደሞ እባካችሁ አሮጌ ላፕቶፕ የሚመጣ ሰው ካገኛችሁ ላኩልን፣ ሰባ ሺውን ያድንልናል። ቦቲ ጫማ፣ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር፣ ፍላሽም እንቀበላለን። ወንዶ ገነት አካባቢ ቤት ያላችሁ፣ ልጁ ለፊልድ ሲወጣ አንድ ሁለት ቀን ሚያድርበት ጥግ ብትሰጡት ይሄም እርዳታ ነው።

ጥቅምት ላይ ግቢ ይጠራሉ ብለን ስላሰብን እስከ መስከረም መጨረሻ ማን በየወሩ እንደሚገባ ማወቅ እንፈልጋለን። ብሩ በኋላ ይምጣ፣ ስም ዝርዝሩ ግን ይቅደም።

ልጅቷ አሁን ሶስተኛ ዓመት ናት፣ በወር ሁለቴ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ናት፣ ያ ባለ ጀልባም አሁን ግማሽ ዋጋ ነው ሚያስከፍላት። ማየት ምትፈልጉ ኑ፣ ሾርባውን እኔ እጋብዛለሁ። ስትመጡ ግን ቤታችሁ ያለቀ የቀለም ባልዲ ካለ ክዳኑን ይዛችሁልኝ ኑ፣ ትልቁን የሃያ ሊትሩን፣ የመጀመሪያው ባለፈው ድንጋይ ላይ ወድቆ ተሰንጥቋል።