የትኛው 2027?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

32ኛው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ ወደ አዲስ አበባ ስለመምጣቱ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። እኛ ሰፈር ያላነበበው የለም ማለት ይቻላል፤ በቴሌግራም ሲዞር ነው የከረመው። ስለ ሆቴሎቹና ስለ አዳራሾቹ የጻፋችሁትን ልተወው። እኔን ያንገበገበኝ መሀል ላይ ያለው አንድ አንቀጽ ነው። ጉባኤው «በ2027» አዲስ አበባ ይካሄዳል ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ ሀብታም አገሮች በአዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ፣ በ29ኛው ጉባኤ ላይ በተስማሙት መሠረት፣ ለታዳጊ አገሮች ለአየር ንብረት ጉዳይ የሚሰጡት ገንዘብ «በ2027» በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር ይደርሳል ይላል።

ሁለቱ 2027 አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ 2020 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን የእኛ ነው። ባኩ ላይ የተጻፈው 2035 እ.ኤ.አ. ነው። ያ በእኛ አቆጣጠር 2027 ላይ ጀምሮ 2028 ላይ ያልቃል። አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን እንዳለ ተዋችሁት። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትል ነገር እንኳ አላስቀመጣችሁም። ታዲያ ያነበበው ሰው ምን ይረዳ? ጉባኤው ሲመጣ ገንዘቡም አብሮ ይመጣል ብሎ ተረዳ። በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ። ስምንት ክረምት ማለት ነው።

ይህ የፊደል ግድፈት ነው ተብሎ የሚታለፍ እንዳይመስላችሁ። እኔ ግንፍሌ ወንዝ ዳር ያለ እድር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ክረምት ወንዙ ሌሊት ሞልቶ ቤታችን ገብቷል። ጎረቤቴ ያሉ እናት የጤፍ በርሜላቸውን ሲከፍቱ ላይ ላዩ ደረቅ ነበር። እጃቸውን ሲሰዱበት ከሥር ሊጥ ሆኗል። ቤተሰቡ ለወራት ሊበላው ያሰበው እህል ነው በአካፋ ተዝቆ የተጣለው። የእድሩ መዝገብም እኔ ቤት ስለነበር ገጾቹ እርስ በርስ ተጣበቁ። በቢላ ጫፍ ነው ያላቀቅኳቸው። የአንዳንዱ አባል የዓመታት መዋጮ ቀለሙ ፈስሶ አይነበብም፤ በዚያም ሰበብ የተነሣው ጭቅጭቅ እስካሁን አልበረደም።

ከዚያ በኋላ ማመልከቻ ጽፈን፣ ማኅተም አስመትተን፣ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄድን። በጀት አልተያዘለትም ተባልን። እሺ ብለን ራሳችን ለማዋጣት ወሰንን። በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግንብ፣ ጋቢዮን የሚሉትን፣ ቢያንስ ወንዙ በሚታጠፍበት በኩል ክረምቱ ሳይገባ ለመሥራት ነበር ሐሳባችን። መዋጮው ተጀምሮ ነበር። ዘገባችሁ የወጣው ይሄኔ ነው።

በቀጣዩ ስብሰባ ላይ አንድ አባል ስልኩን ከፍቶ አንቀጻችሁን ጮክ ብሎ አነበበው። «ፈረንጆቹ በ300 ቢሊዮን ዶላር ሊሠሩት እኛ ከልጆቻችን ጉሮሮ ለምን እንነጥቃለን?» አለ። ብዙ ሰው ደገፈው። የእድሩ ዳኛ ለማስረዳት ቢሞክሩ ማን ይስማቸው! እኔን ደግሞ «አንተ ጸሐፊው፣ በጊዜ ለምን ማመልከቻ አታስገባልንም?» ብለው ያዙኝ። መዋጮው እዚያው ላይ ቆመ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው። ላሟን ያሳያችኋቸው እናንተ ናችሁ።

እስቲ አሁን በረጋ መንፈስ እንነጋገር። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ባኩ ላይ የተደረሰበት ስምምነት እስከ 2035 እ.ኤ.አ. በዓመት ቢያንስ 300 ቢሊዮን ዶላር ይሰባሰባል ይላል። ሀብታሞቹ አገሮች ግንባር ቀደም ይሆናሉ። ገንዘቡ ግን ከእነሱ ካዝና ብቻ የሚወጣ አይደለም። ከልማት ባንኮችና ከግል ባለሀብቶች የሚመጣውም ይቆጠራል። ብድርም ይቆጠራል። ታዳጊ አገሮች የጠየቁት 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ነበር። እሱም ሰነዱ ውስጥ አለ፤ ያለው ግን ሁሉም ወገን ለዚያ እንዲሠራ በሚጠይቅ ጥሪ መልክ ነው። መዶሻው ተመትቶ ውሳኔው ከጸደቀ በኋላ የሕንድ ተወካይ ተነሥታ አጥብቃ የተቃወመችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ ሁሉ ዘገባችሁ ውስጥ የገባው 300 የምትለዋ ቁጥር ብቻ ናት። ቁጥር መቅዳት ዘገባ አይባልም።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ቢሆን ይሁን እል ነበር። ግን አዲስ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ የአፍሪካን ተደራዳሪዎች የመሩት የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። ያኔ ሀብታሞቹ እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናሰባስባለን ብለው ቃል ገቡ። ቃሉ የተሞላው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለት ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው፤ ያውም በራሳቸው በሀብታሞቹ ድርጅት፣ በኦኢሲዲ ቆጠራ። ከመንግሥታት ከመጣውም አብዛኛው ብድር ነበር። ይህን የሚያውቅ ጋዜጠኛ 300 ቢሊዮን ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «መቼ?» እና «በብድር ነው በእርዳታ?» ብሎ ነው። እናንተ የመጀመሪያውን አበላሻችሁት፤ ሁለተኛውን ጭራሽ አላነሣችሁትም።

እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ጎርፍና ድርቅ ላደረሱት ጥፋት የሚሆን የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ የሚባል አለ። በ2022 እ.ኤ.አ. ግብፅ፣ ሻርም ኤል ሼክ ላይ ተወሰነ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ዱባይ ላይ ሥራ እንዲጀምር ተደረገ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ብራዚል፣ ቤሌም ላይ የመጀመሪያውን የፕሮጀክት ጥሪ ያወጣው 250 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ነው። ቢሊዮን አይደለም፣ ሚሊዮን። ለታዳጊ አገሮች በሙሉ ነው። ቤሌም ላይ ለመላመጃ፣ ማለትም የአየር ንብረት ለውጥን ለመቋቋም ለሚሠራ ሥራ፣ የሚሰጠው ገንዘብ ቢያንስ በሦስት እጥፍ እንዲያድግም ጥሪ ቀርቧል፤ ቀነ ገደቡ አሁንም ያው 2035 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ጋቢዮን መላመጃ ከሚባለው ውስጥ ይገባል። የዘንድሮው ክረምት ግን ሰኔ ላይ ነው የሚገባው።

ሌላም ያናደደኝ ነገር አለ። «ተጎጂዎች» ብላችሁ የዘረዘራችሁት ገበሬውንና አርብቶ አደሩን ብቻ ነው። ቦረናና ሶማሌ ላይ ዝናብ ተከታትሎ ቀርቶ የሰው ከብት ማለቁን አይተናል፤ እነሱ መቅደም አለባቸው፤ አልከራከርም። ግን የእንጦጦ ዝናብ በቀበናና በግንፍሌ በኩል መሀል ከተማ እንደሚወርድ አታውቁም? አፈሩ በአስፋልትና በኮንክሪት ሲሸፈን ውኃው የሚሰርግበት አጥቶ በአንዴ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ወንዙ ደግሞ በቆሻሻና በፕላስቲክ ጠብቧል። ዝናቡ ሲከብድ የት ይሂድ? እኛ ቤት ይገባል። መሪዎቹ የሚሰበሰቡባቸው አዳራሾች ከእኛ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። እናንተ ለአዳራሾቹ ስድስት አንቀጽ ሰጥታችሁ ለወንዝ ዳር ሰው አንድ መስመር ነፈጋችሁ። አዲስ አበባን ያያችኋት እንግዳ ተቀባይ ሆና ብቻ ነው፤ ከተማዋ ራሷ የምትጎዳ አልመሰላችሁም።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማረሚያ አውጡ። ከታች ተደብቆ በትንሽ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ፤ ዓመቶቹ ከነ«ዓ.ም.» እና ከነ«እ.ኤ.አ.» ተጽፈው። ፈጥኖ ቢወጣ መዋጮውን ክረምቱ ሳይደርስ ለማስቀጠል እንችላለን።

ሁለተኛ፣ ከጉዳትና ኪሳራው ፈንድ እድር ወይም ቀበሌ በራሱ አይጠይቅም፤ ጥያቄው የሚሄደው በመንግሥት በኩል ነው። ስለዚህ ጉዳዩን የያዙትን ኃላፊዎች ሄዳችሁ ጠይቁልን፤ ኢትዮጵያ በምታቀርበው ፕሮጀክት ውስጥ የአዲስ አበባ ወንዞች አሉ ወይስ የሉም? መልሱን ከነኃላፊው ስም አትሙት።

የእድር ጸሐፊ፣ ከግንፍሌ ወንዝ ዳር
አዲስ አበባ