ኮምፒውተርዎን ከማምጣትዎ በፊት ሶኬቱን ይጠርጥሩ

ለክቡራን ደንበኞቻችን፤

ጤና ይስጥልን። «ቤት ይጠፋብኛል፣ እናንተ ጋ ሲመጣ ደህና ይሆናል» የሚባል ኮምፒውተር በተደጋጋሚ እየመጣልን ነው። ቀኑን ሙሉ ከፍተን ብናቆየውም አንድ ጊዜ እንኳ አይጠፋም። ጤነኛ ዕቃ ፈትተን ሒሳብ ከምናስከፍልዎ፣ ቤትዎ ሆነው የሚያዩትን መንገር ይሻላል አልን።

የሚጠፋበትን ሰዓት ልብ ይበሉ። እንጀራ ሲጋገር ከሆነ ነገሩ ግማሽ ታውቋል። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። መስመሩ ላይ ብሎኑ የላላ መጋጠሚያ ካለና የአንድ ኦም ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ተቃውሞ) ብቻ ከፈጠረ፣ ወደ 15 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ ከ200 ዋት በላይ ሙቀትም ይሆናል። ሶኬቱ የሚጠቁረው፣ ፕላስቲኩ የሚሸተው ለዚህ ነው። መጋጠሚያው ብልጭ ባለ ቁጥር ኃይሉ ለቅጽበት ይቋረጣል፤ በዚያው መስመር ላይ ያለው ኮምፒውተርም እንደገና ይነሳል። መፍትሔው ለምጣዱ የራሱ ብሬከርና በቂ ውፍረት ያለው ገመድ ማዘርጋት ነው። ብሬከሩ እየወደቀ አስቸገረኝ ብሎ በትልቅ መቀየር ግን ቤት ያቃጥላል።

ከሁሉ የምንፈራው ሌላ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ቤት (ኃይሉ በሦስት መስመር የሚገባበት) ውስጥ ምጣዱ ሲበራ የአንዱ ክፍል አምፖል ደብዝዞ የሌላው ከወትሮው በላይ ከደመቀ፣ ኒውትራሉ (የጋራ መመለሻ ሽቦው) ላልቷል ወይም ተቆርጧል ማለት ነው። አንዳንዱ ሶኬት ላይ ቮልቱ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ስታቢላይዘር አለኝ ብለው አይዘናጉ፤ ዋናውን ብሬከር አጥፍተው ባለሙያ ይጥሩ። የብሬከሩን ሳጥን ሽፋን ራስዎ አይክፈቱ።

የኮምፒውተሩ ብረት ሲነኩት ውርር የሚያደርግዎስ? ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ኧርዝ (ከመሬት ጋር ወደተያያዘው የመከላከያ ሽቦ) እንዲያስወግድ ሆኖ የተሠራ ነው። ኧርዝ ከሌለ መሄጃ አጥቶ ብረቱ ላይ ይቀራል፤ በባዶ እግር ከቆሙ ደግሞ ይብሳል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ይንቀሉት፤ ውርርታው ወዲያው ከቆመ ጥርጣሬው ወደ ሶኬቱ ወይም ኧርዝ ወደሌለው ርካሽ ኤክስቴንሽን ይሄዳል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) መግዛት ይህን አያድነውም። (የሸጥነው እኛ ብንሆንም እውነቱ ይኸው ነው።)

ይህን ሁሉ አይተው ችግሩ ካልተገኘ ኮምፒውተሩን ያምጡት፤ ቤት የሚጠቀሙበትን የኃይል ገመድና ኤክስቴንሽንም አብረው ይዘው ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍል