የልጅ አበልና የጡረታ መዋጮ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በብሪታንያ ከወላጆች የአንዱ ዓመታዊ ገቢ ከ60,000 ፓውንድ ካለፈ «ቻይልድ ቤኔፊት» የምንለው የልጅ አበል በግብር መልክ ተመላሽ እንደሚጠየቅ ብዙዎቻችን ብናውቅም፣ ለዚህ የሚታሰበው ገቢ የጡረታ መዋጮ ከተቀነሰለት በኋላ ያለው መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ከ60,000 በላይ በየ200 ፓውንዱ ከአበሉ አንድ በመቶ ይመለሳል፤ 80,000 ላይ ሙሉው ይሄዳል። በ2025/26 የግብር ዓመት ሁለት ልጆች ያሉትና 66,000 ፓውንድ ገቢ ያለው ወላጅ፣ ከ2,251 ፓውንድ አበሉ 675 ያህሉን ይመልሳል። ይኸው ሰው በግል ጡረታው 4,800 ፓውንድ ቢያስቀምጥ ግን፣ 1,200 የግብር ቅናሽ ታክሎበት መዋጮው 6,000 ተብሎ ስለሚያዝ፣ ገቢው 60,000 ላይ ያርፍና ምንም አይመልስም።

እርግጥ ያ ገንዘብ እስከ 55 ዓመት ዕድሜ፣ ከኤፕሪል 2028 ጀምሮ ደግሞ እስከ 57 አይነካም፤ የቤት ኪራይ ያስጨነቀው ሰውም 4,800 ፓውንድ ከየት ያመጣል? እያንዳንዳቸው 59,000 የሚያገኙ ባልና ሚስት ምንም ሳይመልሱ፣ በአንድ ሰው 66,000 ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ መክፈሉም ፍትሐዊ አይመስለኝም።

አበሉ ይቅርብኝ ብለው ማመልከቻውን ጭራሽ የሚተዉ ወገኖችም አሉ። ክፍያውን ሳይቀበሉ ማመልከት ይቻላል፤ ልጅ ለማሳደግ ቤት የዋለች እናት በስሟ ካመለከተች፣ ልጁ 12 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ያለው ጊዜ ለመንግሥት ጡረታዋ ይቆጠርላታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከለንደን