ለቦዬ ጨፌ ወፎች ጥናት የድጋፍ ጥሪ

ጤና ይስጥልኝ የጅማ ልጆች፣ እዚህ ያላችሁም ርቃችሁ የሄዳችሁም።

ከጅማ በአዲስ አበባ መንገድ ስትወጡ ቦዬ ጨፌ ላይ አንዲት ቡናማ ወፍ ሳታዩ አትቀሩም። እግሯ ረጅምና ቢጫ ነው። ከምንቃሯ ግራና ቀኝ ቢጫ ቆዳ ተንጠልጥሎባታል። ሰው ሲጠጋት እየጮኸች ትነሳለች፤ ሌሊትም ዝም አትልም። ላፕዊንግ ከሚባሉት ወፎች አንዷ ናት፤ ፕሎቨር የሚባሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ ዳር የሚኖሩ ትናንሽ ወፎች የሥጋ ዘመድ። የዚህ ወገን አንዱ ዝርያ ደረተ ነቁጣው ላፕዊንግ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለም፤ ባሌ የሄዳችሁ ታውቁት ይሆናል።

ዓምና አንድ ጠዋት ጨፌው ውስጥ ስንሄድ አንድ እረኛ ልጅ «ጋሼ፣ በዚህ በኩል አይምጡ! እንቁላል አለ!» ብሎ ጮኸብኝ። ባይጮህ እረግጠው ነበር። አራት እንቁላል፣ ሹል ሹል ጫፋቸው ወደ መሃል ተገጣጥሞ፣ ባዶ መሬት ላይ። መልካቸው ጭቃ ነው፤ ጥቁር ጠብጠብ አለባቸው። ጎጆ ለማለት እንኳን ጥቂት ደረቅ ሣር ብቻ ነው ያለው። ገለል ብለን ቆምን። ወፏ ተመልሳ ተቀመጠች። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ላም እየጋጠች ቀጥ ብላ ወደ እሷ መጣች። ወፏ አልበረረችም። ተነሳች፣ ክንፎቿን ዘረጋች፣ ላሟ አፍንጫ ሥር ቆማ ጮኸችባት። ላሟ ቀና አለች፣ ትንሽ አሰበች፣ ወደ ጎን ዞረች። ከዶሮ የምታንስ ወፍ ናት እንግዲህ። እንዲህ እየታገለች ነው አንድ ወር ገደማ እንቁላሏን የምትታቀፈው። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው በሰዓታት ውስጥ ይሄዳሉ፣ ምግባቸውንም ራሳቸው ይለቅማሉ። የወላጆቹ ሥራ መጠበቅና ማሞቅ ነው።

«እናትየው ናት አባትየው?» አለኝ ልጁ። መልስ አልነበረኝም። ወንዱም ሴቷም ይታቀፋሉ፤ በመልክ ደግሞ አይለዩም። ይህ ጥናት የተጀመረው ከዚያ ጥያቄ ነው ብል አልዋሸሁም።

መልሱ ያለው ዘረመላቸው ውስጥ ነው። በሰው ሁለት ዓይነት የፆታ ክሮሞዞም፣ ማለትም ፆታን የሚወስን ዘረመል ተሸካሚ ክር፣ የያዘው ወንዱ ነው። በወፎች ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወንዱ ሁለት ዜድ አለው፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብሊው። ሲኤችዲ አንድ የሚባል ዘረመል በሁለቱም ክሮሞዞሞች ላይ ይገኛል። ነገር ግን ከውስጡ አንዱ ክፍል በዜድና በደብሊው ላይ ርዝመቱ ይለያያል። ያንን ክፍል ከአንዲት ጠብታ ደም ወስዶ በፒሲአር ማሽን ሲያባዙት ወንዱ አንድ መስመር ያሳያል፣ ሴቷ ሁለት። ወፏ ወዲያው ትለቀቃለች።

የሚያሳስበን ሌላም ትልቅ ነገር አለ። ቦዬ ጨፌ እየጠበበ ነው። ባህር ዛፉ በአንድ በኩል፣ ለጡብ የሚቆፈረው ጭቃ በሌላ በኩል፣ የሚደርቀውና የሚታረሰው መሬት ደግሞ አለ። ጡብ የሚሠራው ሰው ልጆቹን የሚያሳድግበት ስለሆነ እሱን ልንከስ አልተነሳንም። የኛ ጥያቄ ይህ ነው፤ የቦዬዎቹ ቢያልቁ ከግልገል ጊቤ ዳር የሚመጡ ይተኳቸዋል?

በ2017 በፈረንጆች አቆጣጠር በአስር የፕሎቨር ዝርያዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሞ ነበር። ከብዙ ጓደኛ ጋር የሚጣመሩት ዝርያዎች ርቀው ስለሚሄዱ ዘረመላቸው ይቀላቀላል። አንድ ለአንድ የሚጣመሩት ግን በየቦታቸው እየተለያዩ ይሄዳሉ። የኛዎቹ ላፕዊንጎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት። ስለዚህ የቦዬዎቹ የራሳቸው ዘር ሊኖራቸው ይችላል። ከሆነ እነሱ ሲሄዱ የሚተካቸው የለም። ዓይን የማይለየውን ዘረመል ሲለየው ታይቷል፤ የአሜሪካዋ ትንሽ ነጭማ ፕሎቨር ከአውሮፓና ከእስያዋ ጋር አንድ ዝርያ ተብላ ብዙ ዘመን ኖራ፣ በ2009 የዘረመል ጥናት ልዩነቱን አሳየ፤ በ2011 ለብቻዋ ዝርያ ተባለች። የኛዎቹን ግን ከራሳቸው ደም ነው የምናውቀው።

ዓምና ሞክረን ነበር። ከዘጠኝ ወፎች ደም ወሰድን። ደሙ ሳይበላሽ የሚያቆየው ንጹህ አልኮል ስላልነበረን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥነው። መብራት ሦስት ቀን ጠፋ። ሁሉም ተበላሸ። ያን ቀን የተሰማኝን መናገር ይከብደኛል፤ ወፎቹ አምነው ባይሰጡንም አደራ ወስደን ነበር።

ዘንድሮ በደንብ ተዘጋጅተናል። የመንግሥት ፈቃዱ በእጃችን ነው፤ ያለ ፈቃድ ወፍ አይያዝም። ሁለት ባለሙያዎች ጉልበታቸውን በነጻ ሰጥተውናል። የሚያስፈልገን 320,000 ብር ነው፤ እስካሁን 74,000 ተሰብስቧል። ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለፒሲአር ኬሚካል ነው፤ ውድ ነው፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። የቀረው ለአልኮልና ለናሙና ብልቃጥ፣ ለወፎቹ መለያ የእግር ቀለበት፣ ለባጃጅ፣ ጎጆ ለሚጠብቁ አምስት እረኛ ልጆች የቀን አበል ነው። በአበሉ አንደራደርም። በየጎጆው አጠገብ እንጨት ተክለው ከብቱን የሚመልሱት እነሱ ናቸው፤ ትምህርታቸውን እንዳያስተጓጉል ግን በፈረቃ ነው።

ሃምሳ ብርም እንቀበላለን። ብር ባይኖራችሁ ቡና ስጡ፤ አንድም ሁለትም ኪሎ ይሁን፣ ሸጠን ለሥራው እናውለዋለን። ያገለገለ የመስክ መነጽር ያላችሁ ውጭ ያላችሁ ወገኖች አትርሱን። ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ በሚወጣ የጋራ ሒሳብ ይገባል። መዋጮውን ለየእድራችሁ ጸሐፊ ስጡ፣ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። በየወሩ የወጣውን ሁሉ እዚያው እድሩ ቤት እንለጥፋለን።

እንቁላል የሚጣልበት ጊዜ ስለቀረበ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ኬሚካሉ መታዘዝ አለበት። ወፎቹን በዓይናችሁ ማየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ቦዬ መንገዱ ዳር እንገናኝ። ቦት ጫማ አድርጉ። ልጁም ይኖራል፤ እሱ በመራችሁ መንገድ ብቻ ሂዱ።