ማልቀሱን ለእኛ ተዉልን፣ ሙዚቃውን ቀንሱልን

ይድረስ ለተከበሩት አዘጋጅ፤

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ አንድ ጸሐፊ አስለቃሽ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች የተመልካቹን ልብ አላልተውታል ሲሉ ወቅሰዋል። እኔ ከሚያለቅሱት ወገን ነኝ። ማታ ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ማልቀስ ደስ ይለኛል፤ የሚያሳፍር ነገርም አይመስለኝም። ቅሬታዬ ሌላ ነው፦ ብዙዎቹ ድራማዎቻችን አልቅሱ ብለው ያዙናል እንጂ አያስለቅሱንም።

ሐኪሙ የምርመራ ወረቀቱን ይዞ ገና በበሩ ሳይገባ ዋሽንቱ ይቀድመዋል። ታማሚዋ በምን እንደምትተዳደር፣ ከማን እንደተጣላች፣ ምን እንደሚያስቃት ሳናውቅ ትሞትብናለች። የጎጃም አልቃሽ እንዲህ አታደርግም። ሙሾ ስታወርድ የሟቹን ሙያ፣ የበሬውን ስም፣ ከደጁ የማይጠፋውን እንግዳ፣ ያሳደጋቸውን የሙት ልጆች እያነሳች ነው ለቀስተኛውን የምታንሰቀስቀው። ሟቹን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያለቅሳል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ወደ አማርኛ የተመለሱት የቱርክ ድራማዎች ብዙ ባለሙያ አስቆጥተው ነበር። እኔ ወድጃቸዋለሁ። ነገር ግን በቱርክ አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ የሚታይ፣ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈጅ ነው፤ ለውጭ አገር ሲሸጥ ነው የሚቆራረጠው። ያ ሁሉ ዓይን ለዓይን መፋጠጥ ሰዓቱን ለመሙላትም ይጠቅማል። የእኛዎቹ ያንኑ መፋጠጥ ወስደው በግማሽ ሰዓት ድራማ ውስጥ ሲያስገቡት ታሪኩ በየት በኩል ይግባ?

የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. የተሠራው «ሂሩት አባቷ ማነው» ነው። አባት ፍለጋው እስከ ዛሬ አላበቃም። (አባትየው ምንጊዜም ባለ ፎቁ ሰውዬ ሆኖ ይገኛል፤ ድሃ አይወልድም መሰል።)

ባሕር ዳር ደግሞ በፊልሞቻችን ውስጥ የጫጉላ ከተማ ብቻ ናት። ሙሽሮቹ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተው፣ ዘንባባው ሥር ተንሸራሽረው፣ በጀልባ ወደ ገዳማቱ ተሻግረው፣ ጭስ ዓባይ ፏፏቴ ፊት ይተቃቀፋሉ። በታሪኩ ውስጥ ወቅቱ ፋሲካ ነው፤ ፏፏቴው ግን የነሐሴ ነው! በበጋ አብዛኛው ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚሄድ ገደሉ ገርጥቶ እንደሚታይ የአካባቢው ሕፃን ሁሉ ያውቃል። እዚህ ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ፣ ዓሣ ገበያ ላይ የሚከራከር ገጸ ባሕርይ እስካሁን አላጋጠመኝም።

እምቦጭ የተባለው አረም ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በደንቢያና በፎገራ በኩል ታንኳቸውን ወደ ውኃ ማስገባት ያቃታቸው አስጋሪዎች አሉ። ዓሣው ሳይጠፋ መንገዱ የተዘጋበት፣ መረቡን አጥፎ በሰው ማሳ ላይ ለቀን ሥራ የሚሰማራ ሰው ስጡኝ። ለእርሱ ያለ ዋሽንትም አለቅሳለሁ።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ አዲስ ፊልም የምትጽፉት የምረቃውን ምሽትና የተዋናይቷን ቀሚስ ነው። ታሪኩ ከራሱ ጋር ይስማማ እንደሆነ፣ ሟቿ ከመሞቷ በፊት ኖራ እንደነበር የሚመረምር አንድ ሰው መድቡልን። ያመሰገነውን አይተን እናለቅሳለን፤ የነቀፈውንም ማየታችን አይቀርም።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ተመልካች፣ ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር